ከነፋሱ በኋላ የጠበቀ ብሎን

«አንተ፣ እዚያ ላይ ምን ታደርጋለህ?» አለች መምህርቷ፣ ጣሪያ አልባ በሆነው የሦስተኛ ክፍል በር ላይ ቆማ።

ታናሽ ወንድሟ በድንጋጤ ከግድግዳው ጫፍ ሊወድቅ ምንም አልቀረውም። በማለዳ መሰላል አቁሞ ወጥቶ፣ ግድግዳውን እንደ በቅሎ ተፈናጦታል። በአንድ እጁ የብሎን መፍቻ፣ በሌላው ፌስታል ይዟል። እሷ የመጣችው ከፍርስራሹ የተማሪዎቿን ደብተሮች ልትለቅም ነበር።

ትናንት ከሰዓት ያ የተረገመ አውሎ ነፋስ የትምህርት ቤቱን ጣሪያ እንዳለ አንስቶ ኳስ ሜዳው ላይ ጥሎታል። ልጆቹ ከወጡ ሃያ ደቂቃ ቢሆናቸው ነው። በመንደሩም ቆርቆሮው ያልተገነጠለ ቤት የለም፣ ከወንድሟ ቤት በቀር። ሰው ሁሉ እግዜር ቢወደው ነው ሲል አመሸ። እሷም ብላለች።

ተጠግታ ቀና አለች። የጣሪያውን እንጨት ከግድግዳው ጋር የሚይዙት ብሎኖች በሲሚንቶው ላይ ተደርድረው ቆመዋል። እሱ የደረሰባቸው፣ ብሎኑን የሚያጠብቀው አዲስ ዳዶ ጠልቆባቸው ያብረቀርቃሉ። ያልደረሰባቸው ላይ የዛገ ሽቦ ቁራጭ ተንጠልጥሏል እንጂ ዳዶ የሚባል ነገር የለም። ጣሪያውን ከስድስት ዓመት በፊት የመታው ራሱ ነው።

ያን ጊዜ ዳዶው ስለዘገየ ለጊዜው በሽቦ አሰርነው አላት። ሊመለስበት ሲያስብ ኮርኒስ ሠሪዎቹ ቀድመው ደፈኑት። ከተደፈነ በኋላ ደግሞ ማን ያየዋል? ባለሙያው ሁሉ እንዲህ ነው የሚሠራው፣ ደግሞስ ለእንዲህ ያለ ነፋስ ዳዶ ምን ሊፈይድ?

«የራስህንስ ቤት በምን አሰርከው?»

ፌስታሉን ከፍቶ ሌላ ዳዶ ፈለገ። ደሟ ፈላ። ለርዕሰ መምህሩ «የወንድሜ እጅ የታመነ ነው» ብላ ያስቀጠረችው እሷ ናት። ስድስት ዓመት የሰው ልጆች ከሥሩ አስቀምጣለች፤ የእሱም ልጅ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ናት። ሽቦውንስ ስንፍና ብላ ታልፈው ይሆናል። የዛሬው ጠዋት ግን አንጀቷን አሳረራት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል ይህ ነው።

«አፈር ስሆን እታለም፣» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ጉዳቱን የሚመረምረው መሐንዲስ ሳይደርስ ስድስት ብቻ ቀርተውኛል። ዳዶው ካለ የእግዜር ቁጣ ነው ብሎ ይጽፋል፣ ማንም አይጠየቅም። ከሌለ ግን እኔ አለቀልኝ።»

ልትመልስለት አፏን ስትከፍት፣ ከግቢው ማዶ ያለው የሕፃናቱ ክፍል ዓይኗ ውስጥ ገባ። ጣሪያው አልተነካም። ከሰኞ ጀምሮ ልጆቹ ሁሉ እዚያ ተጠጋግተው እንዲማሩ ትናንት ማታ ተወስኗል።

«ያኛውስ?»

ፊቱን አዞረ።

«ያኛውን በምን አሰርከው?»

«እሱም... ያን ጊዜ አብሮ ነው የተሠራው።»

መሰላሉን በሁለት እጇ አቀፈችና ከግድግዳው አላቃ መሬት ላይ አጋደመችው። እሱ በስሟ ጠራት፣ ለመናት፣ ቀጥሎም ሰደባት። እሷ አቧራዋን አራገፈች።

ወዲያው በር ላይ መኪና ቆመ። መሐንዲሱ ወረቀቱን በብብቱ ሸጉጦ ገባ፣ እንደምን አደራችሁ ብሎ ቀና አለ።

«እርስዎ፣ እዚያ ላይ ምን እየሠሩ ነው?»

ወንድምየው ወደ እህቱ ተመለከተ። የጎረቤት መስኮት ሲሰብርም፣ ከትምህርት ቤት ሲቀርም፣ እሱ ሲጠየቅ የምትመልሰው እሷ ነበረች። አሁንም አፍ አፏን ያያል።

እሷም እንደ መሐንዲሱ አንገቷን አቅንታ መልሱን ጠበቀች።