የቲቶ ፈረስ

ቲቶ ጆሃንስበርግ ተቀምጦ ሆሳዕና ከተማ ላይ ፈረስ ገዛ። ለአባቱ ለጋሽ ጴጥሮስ የተነገራቸው ይኸው ነበር።

ፈረሱን ከአቅራቢያው የጃጁራ ገበያ መርጦ ያመጣው ጎረቤታቸው ባለሱቁ ዳኘ ነው። ከሰዓት በኋላ ልጓሙን ይዞ ግቢ ገባ። ዳማ ነው፤ ገና በደንብ ያልተገራ ጎረምሳ ፈረስ።

"የማን ነው?" አሉ ጋሽ ጴጥሮስ።

"የቲቶ።"

"ከየት መጥቶ ሊጋልበው ነው? በስልክ?"

ዳኘ ሌላ ቀን ቢሆን ይስቅ ነበር። "ከዚያው ከደቡብ አፍሪካ ነው የታዘዘው። የእሱ ነው፤ እርስዎ እንዳይጋልቡት" አለና ፈረሱን ባሕር ዛፉ ሥር አስሮ ሄደ።

ስለ ፈረስ ለጋሽ ጴጥሮስ የሚያስረዳ ሰው አያስፈልግም። በእነሱ አገር ወንድ ልጅ ሲሞት ፈረሱ ኮርቻ ተጭኖ፣ የሟቹ ልብስ ታስሮበት ለቅሶ ሜዳ ላይ ይዞራል። ቤተ ክርስቲያን ልማዱ ይቅር ብትልም ጨርሶ አልቀረም። ፈረሱ ታዲያ የሟቹ የራሱ መሆን አለበት።

የእሳቸው አባት ሲሞቱ ቤቱ ውስጥ ፈረስ ቀርቶ ዶሮ አልነበረም። ጴጥሮስ ያኔ ጎረምሳ ነበሩ፤ ቀን መናኸሪያ ሸክም ተሸክመው፣ ሲመሽ የሰው በረት ጥግ ይተኛሉ። የተዋሱትን ፈረስ እየጎተቱ ሜዳውን ሲዞሩ ከለቅሶተኛው መሀል አንዱ "የጎረቤት ፈረስ አይደለም እንዴ?" አለ። ጮክ ብሎ አልነበረም። እሳቸው ግን ሰሙት። ስለዚያ ቀን አንዴ ብቻ ነው ያወሩት፤ ለአንድ ወንድ ልጃቸው ለቲቶ፣ አገር ለቆ ሊሄድ ሲል።

ስለዚህ ፈረሱን እንዳዩ ገባቸው። ፈረሱ ለለቅሶ ነው።

ከዚያ ቀደም ብሎ ሆዳቸውን አሟቸው ሴት ልጃቸው ገነቴ ሆስፒታል ወስዳቸው ነበር። ሐኪሙ "ጨጓራ ነው፣ አይዞዎት" አላቸው። ከክፍሉ ሲወጡ ገነቴን ኮሪደሩ ላይ አገኟት፤ ግድግዳ ተደግፋ ስልኳን በሁለት እጇ ጨምቃ ይዛለች። ዓይኗ ቀልቷል።

"ምን አሉሽ?"

"እነማን?" አለች ደንግጣ። "ምንም አላሉኝም አባባ። ጉንፋን ነው።"

ሐኪም የበሽተኛውን ቁርጥ ለበሽተኛው አይነግርም፤ ለልጁ ነው የሚነግረው። ጋሽ ጴጥሮስ ሁለተኛ አልጠየቁም።

ከዚያ ወዲህ ሰው ሁሉ ተለወጠባቸው። በመንገድ ሲያልፉ ወሬ ይቆማል። እህታቸው ትርፌ ከፎንቆ ያለ ምክንያት መጥታ አልመለስ አለች፤ ምግብ እያቀረበች ድንገት አንገታቸው ሥር ገብታ ትስማቸዋለች። የግቢው ሣር ታጨደ። የዕድሩ አግዳሚ ወንበሮች ከዳኘ ሱቅ ጀርባ ተደረደሩ። ሁሉን አዩ። ፈረሱም ሣር ቢቀርብለት እምብዛም አይነካም። ጆሮውን አቁሞ ወደ በሩ ያያል።

ይህን ሁሉ ችለውት ነበር። ያልቻሉት የቲቶን ነገር ነው። ልጁ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ይደውልና በሃዲይኛ እየቀለደ ያስቃቸው ነበር። አሁን የሚመጣው ጽሑፍ ብቻ ነው፤ ያውም በአማርኛ። ገነቴ ታነብላቸዋለች። "አባባ፣ ሰላም ነዎት ወይ? እኔ ደህና ነኝ። ኔትወርክ አስቸግሮኝ ነው።"

"ይሄ ልጅ መቼ ነው አንቱ ብሎኝ የሚያውቀው?"

"ሲጻፍ እንደዚያ ነው" አለች ገነቴ ፊቷን አዙራ።

"ሱቅ አብሮት የሚሠራው ሳዲቅ ሃዲይኛ አይሰማም። ከእሱ ጋር እየዋለ አማርኛ ለምዶበት ይሆናል" አሉ፤ እሷን ለማጽናናት ያህል። ለራሳቸው ያሉት ሌላ ነው። ፈርቶኛል። ሊሞት ያለ አባት ድምፅ መስማት ፈርቷል።

አንድ ቀን ዳኘን አስጠሩት።

"ዳኘ፣ አንድ ነገር ልለምንህ። ፈረሱን የእኔ አድርጉት።"

"እንዴት አድርገን ጋሼ?"

"ሰው ፊት 'የጴጥሮስ ፈረስ ነው' በል፤ በቃ። ለአባቴ በሰው ፈረስ ነው የተለቀሰለት። ለእኔም በልጄ ፈረስ እንዲለቀስልኝ አልፈልግም።"

"አይሆንም ጋሼ" አለ ዳኘ። "ፈረሱ የቲቶ ነው። የቲቶ መሆን አለበት።"

"እንዲህ ጨክኖ ነው ያዘዛችሁ?"

ዳኘ ተነሥቶ ወጣ። ጋሽ ጴጥሮስ ልጃቸውን ረገሙ ማለት ይከብዳል። የዚያን ቀን ግን ስሙን ሳይጠሩ ጸለዩ።

ሽማግሌዎቹ በማለዳ መጡ፤ ጤዛው ገና አልረገፈም። ከፊት የነበረው ታዴዎስ ነው፤ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አጠገባቸው የሚቀመጠው። ከኋላው ሰው አጥሩ ድረስ ሞልቷል። ጋሽ ጴጥሮስ ለባብሰው ጋቢያቸውን ደርበው ደጃፉ ላይ ቆመው ጠበቋቸው።

"አትጨነቁ" አሏቸው። "ካወቅሁት ቆይቷል። ሞትን አልፈራም። ፈረሱን ብቻ የእኔ ነው በሉልኝ።"

ታዴዎስ መሬት መሬት ያያል። ዳኘ ኮርቻ የተጫነውን ፈረስ ስቦ አመጣና ልጓሙን እጃቸው ውስጥ አኖረው።

"ሰው የራሱን ለቅሶ ይጎትታል እንዴ?" አሉ፣ ሊስቁ እየሞከሩ።

ገነቴ የቲቶን ጃኬት ከጓዳ ይዛ ወጣችና ኮርቻው ላይ አሰረችው፤ ከቤቱ ወንዶች የቀሩት ጋሽ ጴጥሮስ ብቻ ነበሩ።