ለቀጭን ዘንግ የከበደ መዘውር

በጋፋት ይሠራ የነበረ አንድ ፈረንጅ አንጥረኛ ወደ አገሩ ሊመለስ ሲል ሎሌውን ሞላን ጠርቶ የዓሣ ማጥመጃ ሰጠው። ሰጠው ከማለት አስመረጠው ማለቱ ይቀናል፤ ሁለት ዘንጎችና ክር የሚጠቀለልባቸው ሁለት የናስ መዘውሮች ቁርበት ላይ ደርድሮ «ከየዓይነቱ አንዳንድ ውሰድ» አለው።

ሞላ ዓሣ አጥምዶ አያውቅም። ስለዚህ የሚስቱን የየሺን ወንድም ዘውዱን አስከትሎ ሄዶ ነበር። ዘውዱ የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ወንዝ ላይ እየበተነ፣ የሰከረውን ዓሣ በእጁ የሚለቅም ሰው ነው።

«ዘንጉን ከነመዘውሩ በአንድ ጣትህ ላይ አጋድመው» አለ ዘውዱ። «እንደ ጦር ነው። ከመያዣው አጠገብ ከረጋ ተጋብተዋል። ቀጭኑን ዘንግ ከትንሹ መዘውር አጋባ።»

ሞላ ግን ቀጭኑን ዘንግ ስለ ቅለቱ፣ ትልቁን መዘውር ስለ ማብረቅረቁ ወሰደ። የመዘውሩ እግር ከዘንጉ አልገጥም ሲለው በጥሬ ጠፍር ጥፍንግ አድርጎ አሰረው።

«ለፍየል የበሬ ቀንበር!» ብሎ ዘውዱ ሳቀ። ፈረንጁም ሳቀ። ሞላ ያን ሳቅ አልረሳውም።

በማግስቱ በጉማራ ወንዝ መሻገሪያ እስከ ወገቡ ውሃ ገብቶ፣ ዓሣ የሚያታልል ከላባ የተሠራ ዝንብ ሲወረውር ዋለ። ዘንጉ አልታዘዝ አለው፤ ክሩ አንገቱ ላይ ተጠመጠመ።

«ሞላ፣ ዓሣው አንተን እንዳያጠምድህ!» አለ ዘውዱ ከዳር ሆኖ።

ሞላ በንዴት ክሩን በጠሰ፤ በዘንጉም ውሃውን ደጋግሞ ገረፈው። ከዚያ ዘንጉን ለዘውዱ ወርውሮለት ቀድሞ ወጣ። ቤት ሲደርሱ መዘውሩ የለም።

«ሌባ! በንጉሥ አምላክ፣ ይህን እጅህን አስቆርጠዋለሁ!»

«ስትወረውርልኝ መኖሩን አላየሁም» አለ ዘውዱ።

«ዘንጉን ከአንተ በቀር ማን ይዞት መጣ?»

በማለዳ የመንደሩ ሽማግሌ አባ ገብረየሱስ ከሳሽና ተከሳሽን በኩታቸው ጫፍ ሊያቆራኙ መጡ።

«ልብ በል ልጄ» አሉት ሞላን። «በሐሰት በሚከስ ሰው ላይ፣ ለተከሳሹ የታሰበው ቅጣት ይወርድበታል። የምትተወው ከሆነ አሁን ነው። ኩታችሁ ከተቋጠረ በኋላ መመለስ የለም።»

«ይቋጥሩት አባ!»

«ሞላ፣ ያ እጅ እኮ የእናቴን ማሳ የሚያርስ ነው» አለች የሺ እያለቀሰች።

«እንግዲያ ባልሰረቀበት!»

ሁለቱ ተቆራኝተው ዳኛ ፊት ሊቀርቡ ወደ ደብረ ታቦር ጉዞ ጀመሩ። ጉማራን ሲሻገሩ ሞላ መሃል ላይ ተሰናከለ። ተሰናከለ ማለት እንኳ ይበዛል፤ ቆም አለ።

«ምን ሆንህ?» አለ ዘውዱ።

«ድንጋይ ነው። ተራመድ፣ አንተ ሌባ!» ብሎ ኩታውን በኃይል ሳበው። ከዚያ ወዲያ ስድቡን አላቋረጠም፤ ቁጣው በየዳገቱ እየባሰ ሄደ።

ዳኛው ዘንጉን አገላብጠው አዩ። ጠፍሩ ደርቆ እንጨቱን ነክሶ ይዟል።

«ቋጠሮው አልተፈታም። ታዲያ መዘውሩ በምን ወጣ?»

«ፈትቶ መልሶ ቋጥሮት ነው ጌታዬ! የብርብራ ከረጢት ሲቋጥር ያደገ ሰው ነው!»

«ጌታዬ፣ ጠፍር ውሃ ሲጠጣ ይላላል» አለ ዘውዱ። «ወንዙ ይፈተሽልኝ።»

«ዛሬ ስንሻገር በእግሬ አስሼዋለሁ!» ሲል ሞላ ጮኸ። «ከድንጋይ በቀር የለም። እምልበታለሁ!»

በዚህም ማለ። ዳኛውም የዘውዱ ቀኝ እጅ በቅዳሜ ገበያ፣ ሕዝብ እያየ እንዲቆረጥ ፈረዱ።

ሞላ ብቻውን ተመለሰ። ጉማራ ሲደርስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ግራና ቀኙን አየና ወደ መሻገሪያው ገባ።

ጠዋት ቆም ካለበት ስፍራ ሲደርስ ጎንበስ አለ፤ ሳይዳብስም የናሱን መዘውር አውጥቶ ወደ ጥልቁ ወረወረው።