ሁሉም ፋይሎች

ፖስተኛው ሚስቱን መጠርጠር የጀመረው በስልክ ነው። ልብስ ሰፊ ናትና ስልኳ ቀኑን ሙሉ ቢጮህ አይደንቅም። የሚደንቀው፣ አንዳንዴ ሲደወልላት የስፌት መኪናዋን አቁማ ወደ ጓሮ መውጣቷ ነው። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቶ ይገኛል።

«ማን ነው?» ይላታል።

«ደንበኛ ናት።»

«ለደንበኛ ይለቀሳል እንዴ?»

«የክር ብናኝ ገብቶብኝ ነው፤ አንተ ደግሞ!» ትልና በሳቅ ታልፈዋለች። ሳቋ ግን ከጥርስ አያልፍም።

ሌላም ነገር አለ። ሰሞኑን ደግነቷ በዝቷል። ልብሱን ራሷ አጥባ፣ ራሷ ተኩሳ፣ ጠዋት መርጣ ታቀርብለታለች፤ ሲለብሰውም ልክክ ይልለታል። ድሮ «እጅ የለህም?» የምትል ሴት! ከሳህኗ እያነሳች ወደሱ ትገፋለች። የመሥሪያ ቤቱን የጤና ምርመራ ውጤት እንኳ «አንተ ምን አደከመህ» ብላ ሄዳ ያመጣችለት፣ «ደህና ነህ ተብሏል» ያለችውም እሷው ናት። የበደለ ሰው እንዲህ ነው የሚክሰው፣ ብሎ አሰበ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

በሥራው በኩል እንኳ ቀንቶታል። ሃያ ዓመት ቦርሳ ተሸክሞ የሰው ደረጃ ሲወጣና ሲወርድ ከኖረ በኋላ፣ አለቃው ሳይጠየቅ መስኮት ላይ አስቀመጠው። ቁጭ ብሎ ማኅተም መምታት ነው። ሹመት ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል? ግን አላጣጣመውም። ሌሊት ሐሳብ እንቅልፍ ይነሳዋል፤ ከሥራ ሲገባ ሶፋው ላይ ድፍት ይላል። ሲነቃ ብርድ ልብስ ለብሶ፣ እሷ አጠገቡ ተንበርክካ ያገኛታል። ይህም አልጣመውም።

አንድ ቀን ክር ልትገዛ ስትወጣ ኮምፒውተሯ ፊት ተቀመጠ። የልብስ ንድፍ የምታወጣበትን ፕሮግራም አስነሳና «ክፈት» የሚለውን ተጫነ። የፋይሎቹ ዝርዝር መጣ፦ የሙሽራ ቀሚስ፣ የተማሪ ዩኒፎርም፣ የነርስ ጋዋን። ከላይ እስከ ታች ወረደበት። ምንም የለም። አፍሮ ዘጋው፤ ልቡ ግን አላረፈም።

በማግስቱ ከጎኑ መስኮት ላይ ለሚሠራው ለባለቴምብሩ፣ የሌላ ሰው ጉዳይ አስመስሎ አወራው።

«አንድ ወዳጄ የሚስቱን ፋይል ፈትሾ ምንም አላገኘም።»

«በምን ከፍቶ?»

«በንድፍ ፕሮግራሟ።»

ባለቴምብሩ ሳቀ። «ወዳጅህ የዋህ ነው። ያ ዝርዝር እኮ የሚያሳየው ፕሮግራሙ የሚያውቀውን ዓይነት ፋይል ብቻ ነው። ሌላው እዚያው ፎልደር ውስጥ አብሮ ተቀምጦ አይታይም። ከታች ‹የንድፍ ፋይሎች ብቻ› የምትል መስመር አለች፤ እሷን ‹ሁሉም ፋይሎች› አድርጋት በለው።» ከዚያ ትኩር ብሎ አየውና ሳቁን ዋጠ። «አንተ ግን ደህና ነህ? ፊትህ ልክ አይደለም።»

«እንቅልፍ ነው፣» አለ ፖስተኛው።

ነገሩ አላስቀምጥ አላስቆም አለው። ሁለት ደብዳቤ ላይ ማኅተሙን ዘቅዝቆ መታ። ሰዓት ሲደርስ ለማንም ደህና አምሹ ሳይል ወጣ።

ቤት ሲገባ ሚስቱ ጓሮ ልብስ እያሰጣች ነበር። ኮቱን ሳያወልቅ ተቀመጠ። ፕሮግራሙን ከፈተና መስመሯን ለወጣት።

ዝርዝሩ ረዘመ። በሙሽራዋ ቀሚስና በዩኒፎርሙ መካከል ሰባት ፋይሎች ብቅ አሉ፤ ስም የላቸውም፣ የወር ቁጥር ብቻ። የመጀመሪያውን ከፈተ። ትከሻ፣ ደረት፣ ወገብ፣ የሱሪ ቁመት።

ሱሪ! «የወንድ ልብስ አልሰፋም» ብላ ስንቱን ከበር የመለሰች ሴት! የባለ ልኩ ስም የትም የለም። ወገብ፣ ዘጠና ስምንት። የሚቀጥለው ወር ዘጠና አምስት። የሚቀጥለው ዘጠና አንድ። ሰውዬው በየወሩ ይለካል፤ በየወሩም ወገቡ እየሸነቀጠ ሄዷል። የመጨረሻው፣ የዚህ ወሩ፣ ሰባ ስምንት። ከሥሩ አንድ መስመር ተጽፏል፦ «ስፌቱ እንዳይታይ። እሱ ማወቅ የለበትም።»

«እሱማ እኔ ነኝ፣» አለ ለራሱ። ለእሷ ብሎ ሰውነቱን የሚያሳምር ጎረምሳ ታየው። በየወሩ እየመጣ እጁን ዘርግቶ የሚቆምላት፣ ሜትሯን የምታዞርበት ጎረምሳ። የሃያ ዓመት ትዳሩ ዓይኑ እያየ ሊፈርስ ነው።

«አንቺ!»

ሮጣ በሩ ላይ ደረሰች። እጇ እርጥብ ነው፤ ሜትሩ አንገቷ ላይ አለ። ስክሪኑን ስታይ ግድግዳውን ተደገፈች።

«ሰባት ወር! በገዛ ቤቴ!»

«ቀስ በል እባክህ፣ ትንፋሽህ...»

«ትንፋሼን ተይው! ማነው ሰውዬው? ካልነገርሽኝ ዛሬውኑ ከዚህ ቤት ወጥቼ እሄዳለሁ።»

«አትጠይቀኝ፣ በእናትህ።»

«ማነው ብያለሁ!»

እንባዋ ወረደ። ቀረበችውና የኮቱን ቁልፎች አንድ በአንድ ፈታች፤ ሜትሩን ከአንገቷ አውርዳ ወገቡ ላይ አዞረችው፤ ከፊት ገጣጠመችና ጣቷን አንስታ ራሱ እንዲያነበው ተወችለት።

ሰባ ስምንት።