የቀብር መልስ ውሃ

ውሃ በነፍስ ወከፍ መታደል ከጀመረ ወዲህ፣ ለቀስተኛ ከቀብር ሲመለስ እጁን የሚያሻሸው ባዶ ጆግ ስር ነው፤ ወግ አይቀርምና። የሟች ድርሻ እንደሆነ ትንፋሹ ሲቆም አብሮ ይዘጋል።

ትርንጎ ግን ባሏን ቀብራ ስትመለስ፣ ጎረቤቶቿ ጆጉን እንቀበልሽ ቢሏት እምቢ ብላ ራሷ በር ላይ ቆማ አዘነበለችው። ከፊት የነበሩት ሽማግሌው ጋሽ ድልነሳ ደንግጠው እጃቸውን ሰበሰቡ።

«ውሃ ነው እንዴ! ከየት አመጣሽው?»

«የሱ ነው። አልጋው ስር ጄሪካን ሙሉ አገኘሁ።»

ባሏ ታሞ ሳለ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ እንኳ «ጠጣ እንጂ» ስትለው «ጠጥቻለሁ» ይላት ነበር። «ከእኔ ቀብር የተመለሰ ሰው እጁን ሳይታጠብ አይገባም» ሲላትም ትኩሳቱ የሚያስቀባጥረው መስሏት ነበር።

ከጋሽ ድልነሳ ኋላ የቆመው ለቀስተኛ የመቃብሩ አፈር ያልለቀቀውን መዳፉን ገጥሞ ተቀበለና፣ ሳይታጠብበት ጠጣው።

ትርንጎ ደግማ ቀዳችለት።