የጠዋቱ ፍተሻ

ኤፍራታ ጂንካ ውስጥ ካለ የአንጎል ጥናት ቡድን ጋር የምትሠራ የቋንቋ ባለሙያ ናት። ጠዋት ጠዋት፣ ከዲመካ የሚመጡት ተመርማሪዎች ሳይደርሱ፣ የአንጎል ሞገድ መለኪያውን ቆብ ለፕላስቲክ ጭንቅላት አጥልቃ በድምፅ ቅጂ ትፈትሸዋለች። በቅጂው ላይ እናቷ የቤተሰቡን ስም፣ የሟች አባቷን የደምሰውን ሳይቀር፣ ለራት እንደምትጣራ አድርጋ ትጠራለች። ሰው ስሙን ሲሰማ የስክሪኑ መስመር ይዘላል፤ ለፕላስቲክ ግን ድርቅ ብሎ ነው የሚውለው።

ዛሬ «ደምሰው!» ሲባል ዘለለ።

«ገመዱ ነው፤ ቀይሪው» አሉ ሐኪሙ ዶክተር ሩፋኤል።

ቀየረችው። «ደምሰው!» እንደገና ዘለለ።

ዶክተሩ ወደ ፕላስቲኩ ጭንቅላት ተጠጉ። «አባቴ ነው፣ ዶክተር! በፈጠረዎት አይንኩት!»

«እንዲያውም ጥሩ አጋጣሚ ነው» አሉና የሕመም መፈተኛውን መርፌ አነሱ።

መርፌው ገና ሳይነካው መስመሩ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ዶክተሩ ይህን አዩና፣ መንቀጥቀጡ እንዲረዝም መርፌውን ይበልጥ በዝግታ አስጠጉ።