የማይጎዳ ሰይፍ

ሰው ሲሞት በኮምፒውተር ጨዋታ ውስጥ ያጫውተው የነበረው ተዋጊ እዚያው ይቀራል፤ በሟቹ ድምፅ እያወራ፣ እየተሳደበ ይዋጋል። የተሸነፈ ዕለት ግን ለዘለዓለም ይጠፋል።

ትርሲት ሟች ባሏን መኩሪያን የምታነጋግረው ስትዋጋው ብቻ ነው። ስለዚህ የጨዋታ ቤቱን ባለቤት አስካለን፣ "ብዙ የማይጎዳ ሰይፍ ምረጪልኝ" አለቻት።

"ሰው ሁሉ ጨምሪልኝ ይላል፤ አንቺ ቀንሺልኝ።" አስካለ የምቱን ጉዳት አሰላች። "ሰይፉስ ደህና ነው። ቀለበትሽ ግን አንዳንዴ ምቱን ዐሥር እጥፍ ያደርገዋል። ያን ዕለት ታጠፊዋለሽ። አውልቂው።"

"እዚያው ጨዋታው ውስጥ እሱ ያሰረልኝ ነው።"

"አውቃለሁ።"

አወለቀችው።

ጨዋታው ውስጥ ስትገባ መኩሪያ በሩ ላይ ጠበቃት። ጣቷን አየና ሰይፉን ዝቅ አደረገ።

"ቀለበቴን ለማን ሰጠሽው?"

"ነገ እነግርሃለሁ" አለችና ቀስ ብላ መታችው።