ሁለቱ ቁልፎች

አንድ ፀጉር አስተካካይ ነበር፤ ቅናቱ ከመቀሱ የሰላ። ሚስቱን ነፋስ ከነካት ነፋሱን ፍርድ ቤት የሚያቆም ዓይነት ሰው።

ሚስቱ ሳይንቲስት ናት። አንድ ከተማ በአንድ ጊዜ ጠራርጎ የሚያጠፋ ቦምብ ለመንግሥት ሠርታለች። እሱን ግን ቦምቡ አላሳሰበውም። ያሳሰበው ቦምቡን ያሠራት ሚኒስትር ነው፤ መልከ መልካም፣ ያውም ጺሙን ሌላ ቤት የሚስተካከል!

ሚስትየው ከአንገቷ የማይወርድ ትንሽ ቁልፍ ነበራት። ገላዋን ስትታጠብ እንኳ አታወልቀውም። "የምንድን ነው?" ሲላት "የሥራ ነው" ብላ ታልፈዋለች።

አንድ ቀን ሚኒስትሩ በቴሌቪዥን "የጎረቤቶቻችንን ከተማ አመድ አደርጋታለሁ!" እያለ ጠረጴዛ ሲደበድብ፣ ከሸሚዙ ውስጥ በሰንሰለት የታሰረ ቁልፍ ዱብ አለ። ቁርጥ የሚስቱን!

"ኧረ ጋሼ፣ ጆሮዬን!" ብሎ ጮኸ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ደንበኛ።

"ዝም በል! አንተ ሌላ ጆሮ አለህ" አለ ፀጉር አስተካካዩ። "እኔ ያለችኝ አንድ ሚስት ናት።"

በማግሥቱ ጠዋት ሚስትየው ሽቶ ተቀባች። ላቦራቶሪ ውስጥ ክልክል ነው ብላ በሠርጋቸው ቀን የሰጣትን ጠርሙስ ለዓመታት ሳትከፍት የኖረች ሴት! ከዚያ ስልክ አነሳች። ስልክ ስታወራ ለግድግዳው እንኳ የማይሰማው ድምፅዋ ዛሬ ሰፈር ቀሰቀሰ።

"እሺ ክቡር ሚኒስትር፤ አራት ሰዓት ላይ። አዎ፣ ሁለታችን ብቻ።"

ቁልፉን አውልቃ መታጠቢያ ቤቱ መስታወት ላይ አንጠለጠለችና ጫማዋን ልትወለውል ወጣች።

ባል ቁልፉን ሽንት ቤት ውስጥ ወረወረው። ሦስት ጊዜ ውሃ ለቀቀበት፤ አንዱን ለቁልፉ፣ አንዱን ለሚኒስትሩ፣ አንዱን ለጺሙ።

"ቁልፌስ?" አለች ተመልሳ።

"በቧንቧ ሄዷል! ለውሽማሽ ንገሪው!" አላት እያለቀሰ።

አልጮኸችም። ግንባሩን ስማው ወጣች።

አራት ሰዓት ላይ ሚኒስትሩ የራሱን ቁልፍ ቦምቡ ማስነሻ ላይ ሰክቶ ሲጠብቅ ባዶ እጇን ደረሰች።

"ያንቺስ የታለ? ያለ ሁለተኛው አይነሳም እኮ!"

"አይነሳም፣ ክቡር ሚኒስትር። እኔው ነኝ እንደዚያ አድርጌ የሠራሁት።"

ሚኒስትሩ ጣሪያው እስኪጠቁር ጨሰ። "ለዚህ ተጠያቂው ማነው?"

"ባለቤቴ ነው" አለች አንገቷን ደፍታ። "ምን ላድርግ፣ ቀናተኛ ነው።"

እንደወጣች መጀመሪያ ካገኘችው ቧንቧ ሥር ቆማ አንገቷን በሳሙና አሸችው፤ ሽቶው ሥራውን ጨርሷል።